በራስሽ ስም ግቢ

አዲስ አበባ፣ ልደታ
ጥር ፲፱፻፹ ዓ.ም.

ውድ ጴጥሮስ፣

የሠርጋችሁ የጥሪ ካርድ ትናንት ደረሰኝ። ሾፌራችን ኦልጅራ ነው ከነቀምቴ ሲመለስ ጠረጴዛዬ ድረስ አምጥቶ የሰጠኝ። ሙሽራው ትንሽ ከስቷል፣ ግን ደስተኛ ነው አለኝ ሳልጠይቀው። እሰየው አልኩ። ካርዱ ያምራል። ስማችሁ ጎን ለጎን በወርቃማ ቀለም ታትሟል፤ የሀረገወይን ስም ረጅም ስለሆነ ከመስመሩ የሚበዛውን እሷ ወስዳዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ብቻ እንደሚታየኝ አውቃለሁ፤ አንተም ስታነበው «ዙሃራ ደግሞ ጀመራት» እንደምትል አውቃለሁ። አዎ፣ ጀምሮኛል።

ካርዱን ገልብጬ ሳየው በእጅህ የጻፍካትን አገኘሁ። «በዚያን ቀን ስላመንሽኝ ዕድሜ ልኬን አልረሳውም» ትላለች። እቺ መስመር ባትኖር ኖሮ ስጦታዬን ገዝቼ፣ ቀሚሴን ተኩሼ፣ አፌን ዘግቼ እመጣ ነበር። አሁን ግን አልቻልኩም። እኔ አላመንኩህም፣ ጴጥሮስ። ለኮሚቴው ከሰጠኸው ቃል አንዲቱንም አላመንኩም። ገና ሲነበብ ውሸት መሆኑን አወቅሁ፤ ለማን ብለህ እንደዋሸህም እዚያው ገባኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ቅናቱ ያቃጥለኛል።

እንዴት አወቅሽ ትለኝ ይሆናል። ያወቅሁት አንተው ካስተማርከኝ ነገር ነው።

ኮምፒዩተር ክፍል የተመደብኩ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ውጭ የልደታ ፀሐይ አናት ይበሳል፣ ውስጥ ማሽኑ እንዳይሞቅ ተብሎ ቅዝቃዜው አጥንት ይገባል። ነጠላዬን ተከናንቤ ተርሚናሉ ፊት እቀመጣለሁ፣ አንተ ከኋላዬ ቆመህ ታስረዳኛለህ። ፕሮግራም ከውጭ በቴፕ ሲመጣ ሰው በሚያነበው መልኩ ተጽፎ ነው የሚመጣው፤ ማሽኑ እንዲገባው እዚሁ ወደ ራሱ ቋንቋ መመለስ አለበት፣ ኮምፓይል ማድረግ የምንለው እሱን ነው አልከኝ። ከዚያ ስለ ስሞቹ ነገርከኝ። እያንዳንዳችን ማሽኑ ውስጥ የየራሳችን ስምና የይለፍ ቃል አለን፤ በስማችን ስንገባ መለወጥም ማጥፋትም የምንችለው የራሳችንን ፋይል ብቻ ነው። ከሁላችን በላይ ደግሞ አንድ ስም አለ። በእሱ የገባ ሰው የማንንም ፋይል መክፈት፣ መለወጥ፣ ማጥፋት ይችላል፣ ማሽኑም አንድም ጊዜ እምቢ አይለውም። እኛ ክፍል «ጌታው» ነበር የምንለው። የጌታውን የይለፍ ቃል የምታውቀው አንተ ብቻ ነበርክ።

እኔም ሞኝ ነኝና የማሽኑን የራሱን ፕሮግራሞች ኮምፓይል ለማድረግ ጌታው ሆኖ መግባት የግድ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ትልቅ ሥራ ትልቅ ሥልጣን የሚጠይቅ መስሎኝ ነበር። ሳቅህ መጣ። የመለስክልኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«አይደለም። ኮምፓይሉ በራስሽ ስም፣ በራስሽ ቦታ ላይ ያልቃል። ጌታው የሚያስፈልገው ያለቀውን ወስዶ ቦታው ለማስቀመጥ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ለመስፋት የደንበኛውን ቤት ቁልፍ ይጠይቃል እንዴ? በራስሽ ስም ግቢ። ከተሳሳትሽ ማሽኑ እምቢ ይልሻል፣ እምቢ ሲልሽ ደግሞ ትተርፊያለሽ።»

አባቴ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ የጨርቅ ሱቅ እንዳለው ታውቅ ነበርና የልብስ ሰፊውን ምሳሌ ለእኔ ብለህ የመረጥከው መሰለኝ። ያን ቀን ከሥራ ስወጣ በጌጃ ሰፈር በኩል ታክሲ ሳልይዝ በእግሬ ነው የሄድኩት፣ ደስ ብሎኝ። አንድ ወንድ ስለ ፋይል ሲያወራ ሰምታ እንዲህ የሆነች ሴት በአዲስ አበባ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሠራርህን ቁጭ ብዬ አጠናሁት። ሌላው ሰው ስለ አንተ የማያውቀውን አንድ ነገር ያኔ አወቅሁ። አንተ ጌታው ሆነህ ስትገባ ከወንበርህ ትነሣለህ። ቆመህ፣ ጎንበስ ብለህ ትጽፋለህ፣ ያለቀውን ቦታው ታስቀምጣለህ፣ ወዲያው ትወጣለህ፣ ከዚያ ነው የምትቀመጠው። ለምን እንደሆነ ስጠይቅህ «ከተቀመጥኩ እረሳውና እቆያለሁ» አልከኝ። ሚስት የባሏን አረማመድ ከሩቅ እንደምትለይ እኔም ከክፍሉ ማዶ ሆኜ መቆምህን አይቼ አሁን ጌታው ሆኗል፣ አሁን ወጥቷል እል ነበር። ሚስትህ ስላልሆንኩ ያየሁትን ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ጴጥሮስ፣ እኔ ዙሃራ፤ ስማችን ብቻውን ብዙ ነገር ይከለክላል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። አላጽናናኝም።

ከዚያ ሀረገወይን መጣች።

ስለ እሷ ክፉ እንድጽፍ ትጠብቅ ይሆናል። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ። ሳቋ ቶሎ ነው፣ እጇ ለጋስ ነው፣ ጓድ ተሰማን እንኳ የምታስቅ ሰው ናት፤ ይህ የክፍል ኃላፊያችን ደግሞ ከአብዮቱ ወዲህ ስቆ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ከመጣች በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ማሽን ክፍሉ ውስጥ አስነጠሳት። ግራጫ ሹራብህን አውልቀህ ሰጠሃት። እኔ እዚያ ክፍል ዓመት ከመንፈቅ ተንቀጥቅጫለሁ፣ ጴጥሮስ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰምተህ «የቁልፎቹ ድምፅ ነው?» ብለህ የጠየቅከኝ ጊዜ አለ።

ምሳ ሰዓት ሦስታችን ወደ አብነት መውረድ ጀመርን፣ እዚያች ሽሮዋ የምትጥመው ቤት። ትንሽ ቆይቶ እናንተ ሁለታችሁ ቀድማችሁ መውጣት አመጣችሁ። አንድ ቀን ከኋላችሁ ደርሼ የልብስ ሰፊውን ምሳሌ ለእሷም ስትነግራት ሰማሁ። ቃሉ ሳይጎድል፣ የደንበኛው ቤት ቁልፍ ሳይቀር። አባቷ የጨርቅ ሱቅ የለውም፤ መምህር ነው። ሽሮዬን ትቼ ተነሣሁ፣ ሆዴን አሞኛል አልኳችሁ። እውነቴን ነበር።

ጓድ ተሰማ አንተ ብትታመም ሥራ እንዳይቆም ብሎ የጌታውን የይለፍ ቃል የሚይዝ ሌላ ሰው እንድትመርጥ ሲነግርህ እኔን እንደምትመርጥ አልተጠራጠርኩም። በአገልግሎት እበልጣታለሁ። በሥራም እበልጣታለሁ፣ ይህን እሷም አትክድም። መረጥካት። እኔም እንደ ሰው ዝም ማለት ሲገባኝ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠብቄ ለምን ለእኔ አልሰጠኸኝም ብዬ ያዝኩህ።

«ምን ያደርግልሻል? የአንቺ ሥራ ያለ እሱ ያልቃል» አልከኝ።

ምስጋና መሆኑ ገብቶኛል። ማን ምስጋና ጠየቀህ? እኔ የፈለግሁት ያንን ስም አልነበረም፣ ምን እንደሚሠራም ምን እንደማይሠራም ከእሷ በተሻለ አውቃለሁ። የፈለግሁት አንተ ብቻ የምታውቀውን ቃል በጆሮዬ እንድትነግረኝ ነበር። ለእሷ ነገርካት።

ሀረገወይን ደግሞ ምን አደረገች? ቤተሰቦቿ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት፣ ክፍሉ ሁሉ ለስላሳ ተጋበዘ። ሹመት ነው የመሰላት፣ በእኛ ሀገር ማንም ቢሆን ሹመት ነው የሚመስለው። ከዚያ በኋላ በራስሽ ስም ግቢ ቢሏት ከአዲሱ ወንበር ተነሥተሽ ወደ ድሮው ተመለሽ እንደማለት ነው፤ ሰጪውንም መናቅ ይሆንባታል። ስለዚህ ጠዋት ጌታው ሆና ትገባለች፣ ማታ ጌታው ሆና ትወጣለች። ማስታወሻ ለማተምም ጌታው፣ ኮምፓይል ለማድረግም ጌታው። ጌታው ሆኖ የገባ ሰው ስክሪን ላይ ከመስመሩ ፊት የሚመጣው ምልክት ከእኛ ስለሚለይ ከአጠገቧ ሆኜ ቀኑን ሙሉ አየው ነበር። አንተም ታየው ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ ተነሺ ብለህ ታስቆመኝ ነበር። ለእሷ ዓይንህን ጨፈንክላት። ያኔ ነው መውደድህን በእርግጥ ያወቅሁት፤ በሥራህ ቀልደህ የማታውቅ ሰው በሥራህ ዝም ስትል።

ኅዳር ላይ የመጣውን ቴፕ መቼም አንረሳውም። አዲስ የማተሚያ ፕሮግራም ነበር የያዘው። ጠዋት ጓድ ተሰማ የመጋዘን ቴፖችን ቆጥሬ እንዳመጣ ምድር ቤት ላከኝ። ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ተርሚናሎቹ ሁሉ ቆመዋል። አንተ ማሽኑ አጠገብ ነህ፣ ሀረገወይን ግድግዳው ጋ በሹራብህ እጅጌ አፏን ይዛለች። የቀበሌ ሱቆች የስኳርና የሳሙና ድልድል በሙሉ ጠፍቷል። ማን በየትኛው ተርሚናል፣ በማን ስም እንደገባ የሚመዘግበው ፋይልም አብሮ ጠፍቷል። አዲስ ቴፕ እንዳንገዛ የውጭ ምንዛሪ ስላልተፈቀደልን የነበረን ቅጂ የመስከረም ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንተ ከውስጥ ነው የምታውቀው፤ ከውጭ ምን እንደሚመስል እኔ ልንገርህ። ሱቆቹ ስኳር ሳያገኙ ሰነበቱ። ጌጃ ሰፈር ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ሰው ለወረፋ መያዣ ያስቀመጠው ድንጋይና ዘንቢል ሳይነሣ አደረ። እናቴ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ እየተመለሰች፣ የዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሆኔን ለጎረቤት እንዳልናገር አስጠነቀቀችኝ። መሥሪያ ቤት ውስጥ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚለው ቃል በኮሪደሩ መዞር ጀመረ። በአሻጥር የተወሰደ ሰው ምን እንደሚሆን ማናችንም አንጠያየቅም። አንተን ወደ ጣቢያ የወሰዱህ ዕለት ጠረጴዛህ ላይ የነበረው ሻይ ገና ትኩስ ነበር።

እኔ ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም፣ ያንን ሀረገወይን ታለቅስልሃለች። እኔ ቴፑን አወጣሁ። የመስከረሙ ቅጂ ተመልሶ ማሽኑ ሲነሣ በቴፑ ላይ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ በወረቀት አትሜ መስመር በመስመር አነበብኩት። መጨረሻው ላይ ሥራው ሲያልቅ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚጠርግ ትእዛዝ አገኘሁ። የሚጠረገው ቦታ ስም እኛ ማሽን ላይ የለም። ስሙ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል፣ ባዶ ሲሆን ደግሞ ትእዛዙ ማሽኑን በሙሉ ጥረግ ማለት ሆነ። የጻፈው ሰው ባሕር ማዶ ያለ፣ የእኛን ስኳር በሕልሙም የማያውቅ ሰው ነው። አሻጥር የሚባል ነገር አልነበረም።

አጣሪ ኮሚቴው እኔን የጠራኝ ሁሉንም ጠይቆ ሲጨርስ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሀረገወይን ተቀምጣ አገኘኋት። ሹራብህን ለብሳለች። እዚያ እኮ አይቀዘቅዝም፣ ጴጥሮስ፤ ኮሪደሩ ፀሐይ ነው። ይፈቱት ይሆን ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። አላውቅም ብዬ አለፍኳት።

ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለመለኮት ድምፁን ከፍ አድርጎ ቃልህን አነበበልኝ። በዚያን ቀን ጠዋት ጌታው ሆኜ ገባሁ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ተርሚናሌ ላይ ተቀምጬ ኮምፓይል ሳደርግ ነበር፣ ሌላ ማንም አልነካውም፣ ብለሃል።

ተቀምጬ አልክ! ጌታው ሆነህ፣ ተቀምጠህ፣ እስከ ምሳ! ሌላ ሰው ቢያነበው ተራ ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ያየሁህ ሰው ነኝ። ፀሐይ በምዕራብ ወጣች ብለህ ፈርመህ ቢሆን ቶሎ አምንህ ነበር። ለእሷ ስትል እጅህ የማያውቀውን ነገር አደረግሁ አልክ፤ ጥንቃቄህን፣ እኔ የወደድኩልህን አንዱን ነገር፣ አንሥተህ ለእሷ ሰጠሃት። ሹራቡን እንደሰጠሃት። አንተ በጣቢያ ታስረህ እኔ የምቀናው ውጭ በተቀመጠችው ሴት ነበር።

ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። ሀረገወይን ናት ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም። ለምን እንዳላልኩት ደግ ሆኜ እንዳይመስልህ። መጀመሪያ ነገር፣ የሰጠኸውን ቃል ውሸት ባደርገው ኮሚቴ ያታለልክ ትሆናለህ፤ ሁለታችሁ ተመካክራችሁ ነበር ማለት ነው፣ ያኔ ነገሩ እውነትም አሻጥር ይባላል። ሁለተኛውን ምክንያት ብቻዬን ስሆን ነው ለራሴ የነገርኩት። እሷን ቢያስሯት አንተ በየእሑዱ ስንቅ አንጠልጥለህ በሩ ላይ ትቆማለህ። ስንቅ የምትቋጥርላትን ሴት ማን ይወዳደራታል? ቢያንስ ከቤቷ ትሁን፣ ተራ ሰው ትሁን፣ ወጥ ታሳርር፣ ትጣሉ ብዬ ነው። ይህንን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ፤ እኔ ያን ቀን አልሳቅሁም።

ስለዚህ ለኮሚቴው ማሽን ክፍል እንሂድና ላሳያችሁ አልኩ። መጡ። ጓድ ኃይለመለኮት ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከኋላዬ ተቀመጠ። ያንኑ ቴፕ ልጭን ስል ጓድ ተሰማ ላብ አጠመቀው፣ በዚያ ብርድ።

«ደግመሽ ልታጠፊው ነው?» አለኝ።

«በራሴ ስም ነው የምገባው፣ ጓድ ተሰማ። በራሴ ስም ማጥፋት የምችለው የራሴን ብቻ ነው» አልኩት።

የራሴን ፋይሎች ቀድሜ ቴፕ ላይ ቀድቼ ነበር፤ ያንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ትእዛዙን ሰጠሁ። ኮምፓይሉ ሄደ ሄደና መጥረጊያው ላይ ደረሰ። የእኔን ፋይሎች ጠራረጋቸው። ከዚያ የሌላውን ሊነካ ሲል ማሽኑ እምቢ አለ። መስመር በመስመር፣ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች እየሞላ፣ ያው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እየተደጋገመ ወረደ። ጓድ ኃይለመለኮት ምን እያለ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

«ፈቃድ የለሽም እያለኝ ነው። እያንዳንዱ መስመር ከመጥፋት የተረፈ አንድ ፋይል ነው።»

የስኳሩን ድልድል ከፍቼ አሳየሁት። እንዳለ አለ። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ ብዙ አየ። ሰውዬው ማሽን አያውቅም፣ ነገር ግን ቂል አይደለም። ታዲያ ጴጥሮስን ለምን እምቢ አላለውም አለ። ጌታው ሆኖ ስለገባ ነው፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ ጌታው መሆን አያስፈልገውም ነበር፣ ቴፑ የተሳሳተው በውጭ ሰው እጅ ነው አልኩት። እስከዚህ ድረስ የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፣ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል አልጽፍልህም። ግን ጓድ ኃይለመለኮት እርሳሱን አነሣና የማልፈልገውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጓድ ዙሃራ፣ አስበሽ መልሺልኝ። ይህ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሠራው ወይስ በዚያን ቀን ብቻ ነው ጌታው ሆኖ የዋለው?»

ገባህ? በዚያን ቀን ብቻ ነው ብል፣ ሁልጊዜ የሚጠነቀቅ ሰው በአንድ ቀን ብቻ ጥንቃቄውን ተወ ማለት ነው። ያ ደግሞ አውቆ ነው። አንተን ለማዳን ያለኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ስምህን የሚገድል።

«ልማዱ ነው» አልኩ። «ጌታው ሆኖ ነው የሚውለው። ስንነግረውም አይሰማም።»

ጓድ ተሰማ ቀና ብሎ አየኝ። እሱም አሠራርህን ያውቃል። ግን አንገቱን ደፋ። ጓድ ኃይለመለኮት «ዝርክርክነት» ብሎ ጻፈ፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊበሳው ነበር። እኔ ያየኋቸውን ሰዎች ሁሉ በጥንቃቄ የሚበልጠውን ሰው ዝርክርክ ብዬ አስጻፍኩ፣ በራሴ አፍ፣ በራሴ ስም። ጣቶቼን ለማሞቅ ብብቴ ውስጥ ደበቅኋቸው።

በአሻጥር ከመጠየቅ ዳንክ። ከባድ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶህ ከማሽኑ ተነሣህ፣ ወደ ነቀምቴ መጋዘን ተዛወርክ። አሁን ጆንያ ትቆጣጠራለህ አሉኝ። ያ እጅ ጆንያ ላይ መዋሉን ሳስብ ጓድ ኃይለመለኮትን አይደለም የምረግመው። ጌታውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ጓድ ተሰማ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውሮልኝ ሄደ። ፖስታ ነው፣ ጆሮ አይደለም። አዲሱን የማተሚያ ፕሮግራም መጥረጊያውን አርሜ በስሜ ኮምፓይል አደረግሁት፣ የጌታውን ስም የነካሁት መጨረሻ ላይ ለማስቀመጥ ብቻ ነው። ሀረገወይንም አሁን በራሷ ስም ነው የምትገባው። ተምራለች። በአንተ መማሯ ነው እንጂ የሚያናድደኝ፣ ጎበዝ ሆናለች።

ዕቃህን ልትወስድ የመጣህ ዕለት እጄን ይዘህ አመሰገንከኝ። እሷ አጠገብህ ቆማ ነበር፣ ምን ልበልህ? ዓይንህ ውስጥ ምስጋና አየሁ፣ ከምስጋናው ሥር ደግሞ ቅሬታ አየሁ። ዙሃራ እንኳ ጌታው ሆኖ ይውላል ብላ አመነች ያልክ መሰለኝ። ያ ቅሬታህ ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ሌላው ዓለም ሁሉ ዝርክርክ ነው ይበልህ፣ ኮሚቴው ይበልህ፣ የነቀምቴ መጋዘን ይበልህ። እኔ ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አምኜ እንደማላውቅ እንድታውቅ እፈልጋለሁ። «የይለፍ ቃሉን የሰጠኋት እኔ ነኝና ጥፋቱም የእኔ ነው» ብለህ ይሆናል የዋሸኸው፤ ለማንኛውም ሰው እንዲሁ ታደርግ ይሆናል። ካርዱ እስኪደርሰኝ ድረስ እንዲያ እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆይቻለሁ።

ለእኔ ዋሽተህልኝ አታውቅም፣ ጴጥሮስ። ዋሽልኝ የሚያሰኝ ስህተት ተሳስቼ ስለማላውቅ ነው። ጥንቃቄን አስተምረህ፣ ጥንቁቅ ስሆንልህ፣ የምታድናትን ሌላ ሴት ወደድክ። ቅናቴ እንዲህ ነው የሚናገረው፤ ልከኛ አይደለም፣ ግን የእኔ ነው።

ሠርጉ ላይ እመጣለሁ። ለሙስሊም እንግዶች በሚለየው ገበታ ላይ ከመሪማ ጋር እቀመጣለሁ፤ መሪማ የሒሳብ ክፍሏን ታውቃታለህ፣ ሰው ለማማት የተፈጠረች ናት፣ ታዝናናኛለች። ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል እላለሁ። ሀረገወይን ስታቅፈኝ እኔም አቅፋታለሁ። እሷ እስከ ዛሬ ድረስ ውሸትህን ያመነች የዋህ ናት ብላ ነው የምታስበኝ፤ አንድ ቀንም ምስኪኗ ዙሃራ ብላ ለአንተ ሳትነግርህ አልቀረችም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ፤ ከዚህ በፊት የለመንኩህን አልሰጠኸኝም፣ ይህን ስጠኝ። ደብዳቤዬን አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማወቄን ለእሷ አትንገራት። ቤትህን ትውሰድ፣ ሹራብህን ትውሰድ፣ የአባትህን ስም ለልጆቿ ትውሰድ። ስትዋሽ ያወቅሁብህን፣ ዋሽቼም የሸፈንኩልህን ግን አትስጣት። እሷ የሌለችበት አንድ ነገር በአንተና በእኔ መካከል ይቅርልኝ።

ዙሃራ